አጋዘኑ በዚህ ሳምንት ምን ይበላል? ከአንድ ተዳፋት የተጻፈ የመኖ ማስታወሻ

መጋቢት አጋማሽ

ሥራውን የጀመርኩት በረዶው ቀልጦ ቅጠል ሳይወጣ ነው፤ ጫካው ምንም የማይደብቀው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ቦታው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከሸናንዶዋ ሸለቆ በስተ ምዕራብ፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን የሚገኝ አንድ ተዳፋት ነው። ከታች ጅረት አለ። ከጅረቱ በላይ ድሮ ገበሬ ያረሰው፣ ዛሬ ዛፍ የዋጠው ጠፍ መሬት ይገኛል። ከዚያ ወዲያ እስከ ሸንተረሩ ጫፍ፣ አጋዘኑ ፍሬውን የሚወደው የኦክ ዛፍ ደን ነው። ይህን ደን ከሸለቆው ማዶ ካለው ከሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ጋር የሚያምታቱ ሰዎች አሉ፤ በፓርኩ ውስጥ ማደን ፈጽሞ ክልክል ነው።

የያዝኩት ሥራ ይህ ነው፦ በተዳፋቱ ላይ ነጭ ጅራት አጋዘን የሚበላውን ነገር ሁሉ ካርታ ላይ ማስፈር፣ የሚበላበትን ጊዜ መመዝገብ፣ አደኑ ሲከፈት መቀመጫዬን በዚያ መሠረት መምረጥ። በሸለቆው የግል እርሻዎች ላይ በቆሎና አኩሪ አተር ስላለ አጋዘኑ ብዙ ነው። በብሔራዊ ደኑ ውስጥ ግን ቁጥሩ አነስተኛ፣ ስርጭቱም የተበታተነ ነው። እዚህ እንደ ዕድሉ የተቀመጠ ሰው ሽኮኮ ሲቆጥር ይውላል።

በዚህ ወር የሚነበበው የክረምቱ ንክሻ ነው። አጋዘን እንደ ከብትና እንደ ፍየል የላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ በታች ጥርሱና በላይ ድዱ ይዞ ይገነጥላል። ስለዚህ የነከሰው ቀንበጥ ጫፉ የተቦጨቀ፣ ክር ክር ያለ ነው። ጥንቸል የቆረጠችው ግን በቢላዋ የተቀላ ያህል ጥርት ብሎ በሰያፍ ይታያል። ልዩነቱን ለማየት ጎንበስ ማለት ብቻ ይበቃል፤ ከጉልበት በላይ ሆኖ የተቦጨቀ ቀንበጥ የአጋዘን ነው።

አብረውኝ የወጡት ጋሼ ልጅነታቸውን በፍየል ጥበቃ ያሳለፉ ናቸው። የአደን ፈቃድ የላቸውም፣ ማውጣትም አይፈልጉም፤ የሚመጡት ለእግር ጉዞው ነው። ጅረቱ ዳር ያለውን የቀይ ሜፕል ጉቶ ገና ከሩቅ ሲያዩ፣

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ቦታ ፍየል ውሎበታል» አሉኝ።

ከጉቶው የበቀለው እንቡጥ ሁሉ በአንድ ቁመት ተከርክሟል። ከእሱ ቀጥሎ በብዛት የተበላው ግሪንብራየር የሚባለው እሾሃማ ሐረግ ነው፤ እሾሁን ሳይፈራ ጫፍ ጫፉን ለቅሞታል። ክረምቱን ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ የማያራግፈው የጃፓን ሐኒሰክልም እንዲሁ። ሐኒሰክሉ ከውጭ የመጣ ወራሪ ተክል ስለሆነ የደን ሰዎች አይወዱትም፤ በየካቲት ግን ሌላ አረንጓዴ ነገር በሌለበት ቀን አጋዘኑ የሚጠጋው ወደ እሱ ነው። ተራራ ሎረል የሚባለው ቁጥቋጦ ጫፉ እንኳ አልተነካም። እሱ ተነክቶ ባይ ኖሮ ረሃብ ገብቷል ብዬ እጽፍ ነበር።

ሚያዝያ ማብቂያ

ውርጭ ወረደ። ኦኮቹ አበባ አውጥተው፣ ወንዴው አበባ ክር ክር ሆኖ በተንጠለጠለበት ሳምንት ነው የወረደው። የዘንድሮው ደብተር ዋና ገጽ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ኦክ በሁለት ወገን ይከፈላል። የነጭ ኦክ ወገን ቅጠሉ ጫፉ ክብ ክብ ያለ ነው። ፍሬውም በሚያዝያ አብቦ በዚያው ዓመት መስከረምና ጥቅምት ላይ ይወድቃል። የቀይ ኦክ ወገን ቅጠሉ ሹል ሹል ሆኖ ጫፉ ላይ ፀጉር መሰል እሾህ አለው፤ ፍሬው ለመብሰል ሁለት የዕድገት ወቅት ይፈጅበታል። ስለዚህ የዛሬው ውርጭ የነጩን አበባ ቢገድል ጉዳቱ የሚታየው በመጪው መከር ነው፤ የቀዩን ቢገድል ግን በሚቀጥለው ዓመት። ዘንድሮ የሚወድቀው የቀይ ኦክ ፍሬ ባለፈው ዓመት ያበበ ነውና ይህ ውርጭ አያገኘውም።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ሌሊት ወደ ታች ወርዶ ጎድጓዳው ላይ ይተኛል። ጠዋት ስወጣ በጅረቱ ዳር ያለው ነጭ ኦክ አበባው ጠቁሮ ነበር። ወገቡ ላይ ያሉት ተቀላቅለዋል። ሸንተረሩ አጠገብ ያሉት ምንም አልሆኑም። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ግምት፦ መስከረም ላይ ነጭ ኦክ የሚገኘው ከወገብ በላይ ብቻ ነው።

ሰኔ

ጫካው ሁሉ አረንጓዴ ስለሆነ አጋዘኑ የትም ይበላል፤ በዚህ ወር ካርታ ብዙ አይጠቅምም። ሴቴዎቹ ግልገል ጥለዋል፣ ያጠባሉ፤ የሚፈልጉት ፕሮቲን ነው። ባለፉት ዓመታት ተመንጥሮ ፀሐይ በገባበት ቦታ ላይ የፖክዊድ ቅጠል፣ የእንጆሪ ቁጥቋጦ ጫፍ፣ የግሪንብራየር ለጋ ሐረግ ተቀንጥሷል። ፖክዊድ ሰውን የሚመርዝ ተክል ነው፤ አጋዘን በላው ማለት ለእኛም ይሆናል ማለት አይደለም። እንጉዳይም ይበላሉ፤ አንዱ ግንድ ሥር ግማሹ ተገምጦ ያገኘሁትን አይቻለሁ።

በጅረቱ ዳር የፓውፓው ቁጥቋጦ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል፤ አንድም ቅጠሉ አልተነከሰም። አጋዘን የማይወደው ተክል አጋዘን በበዛበት ቦታ መንሰራፋቱ የታወቀ ነው።

መዥገሩ ግን አይጣል ነው። ሱሪዬን ካልሲ ውስጥ ከትቼ እንኳ ሁለመናዬን ስፈትሽ አመሸሁ። እዚህ አገር ያለው ጥቁር እግር መዥገር የላይም በሽታ ያስተላልፋልና ፍተሻው ለይስሙላ አይደለም።

ነሐሴ አጋማሽ

የዓመቱ ጠቃሚው ሥራ ይህ ነው፤ ብዙ አዳኝ ግን ሙቀቱን ፈርቶ ቤቱ ይቀራል። ከዛፉ ሥር ተቀምጦ በርቀት መነጽር ቅርንጫፉን ማየት ነው። የኦክ ፍሬ ገና አረንጓዴ ስለሆነ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል፤ ዓይን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ጠዋት ፀሐዩ ከጀርባ ሲሆን የፍሬው ቆብ ጥላ ስለሚጥል ቶሎ ይለያል። ፍሬው የሚበዛው ፀሐይ በሚያገኘው የላይኛው የአክሊሉ ክፍል ነው፤ የታችኛውን ቅርንጫፍ ብቻ ዓይቶ «ባዶ ነው» ማለት አይገባም።

ቀይ ኦክ ላይ ሁለት ትውልድ አብሮ ይታያል። ዘንድሮ የሚወድቀው ወፍራም ፍሬ የተቀመጠው ባለፈው ዓመት ባደገው የቀንበጥ ክፍል ላይ ነው። በዘንድሮው ለጋ ጫፍ ላይ ደግሞ የበርበሬ ፍሬ የማታክል እንክብል አለች፤ የመጪው ዓመት ፍሬ እሷ ነች። ነጭ ኦክ ግን ያለው ሁሉ በዘንድሮው ጫፍ ላይ ነው። ቅጠሉን ሳያዩ፣ ቅርንጫፉን ብቻ ይዘው ሁለቱን መለየት ይቻላል።

የሚያዝያው ግምት ያዘ። ከጅረቱ ዳር ያሉት ነጭ ኦኮች ባዶ ናቸው። ወገቡ ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት ፍሬ አለ። ከሸንተረሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መሬቱ እንደ መደብ ጠፍጣፋ በሆነበት ቦታ ላይ፣ ቅርንጫፋቸው እስኪጎነበስ ያፈሩ ነጭ ኦኮች አሉ። ከእነሱ መካከል አንዱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ካርታው ላይ በቀይ አከበብኩት። ኦክ በየዓመቱ እኩል አያፈራም፤ አንዱ ዓመት ይትረፈረፋል፣ ሌላው ዓመት ይነጥፋል። ጎን ለጎን ከቆሙት ዛፎችም አንዱ ሁልጊዜ ከጎረቤቱ የተሻለ አፍሪ ሆኖ ይገኛል። ካርታው ላይ «የኦክ ደን» ብሎ መጻፍ የማይበቃውም ለዚህ ነው። ዛፉን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለምን ነጩ? ታኒን የሚባለው፣ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ጎምዛዛ ነገር በነጩ ፍሬ ውስጥ አነስተኛ ስለሆነ ነው። የቀዩ ስብ ይበልጣል፣ ታኒኑም እንዲሁ። ሁለቱ አብረው በወደቁበት ቦታ አጋዘኑ መጀመሪያ ነጩን ይጨርሳል። ነጩ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፤ መሬት በነካ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እዚያው በመከር ያጎነቁላል። ቀዩ ክረምቱን በቅጠል ሥር ተኝቶ በጸደይ ስለሚያጎነቁል ለክፉ ቀን ይቀመጣል። አንዱ የመስከረምና የጥቅምት፣ ሌላው የኅዳርና የታኅሣሥ ስንቅ ነው።

መስከረም መጀመሪያ

መጀመሪያ የሚወድቀው ፍሬ ብዙውን ጊዜ ነቀዝ የገባበት ነው፤ ዛፉ የታመመውን ቀድሞ ይጥላል። እፍኝ ሙሉ ለቅሜ ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ጨመርኩት፤ አብዛኛው ተንሳፈፈ። የተንሳፈፈው ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው። አንዷን ሰብሬ ሳያት ነጭ እጭ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ክብ ቀዳዳ ያለበት ከሆነ ደግሞ እጩ ወጥቶ ሄዷል። እንዲህ ያለውን ፍሬ አይቶ «መውደቅ ጀመረ» ብሎ ማማ፣ ማለትም ዛፍ ላይ የሚታሰር የአዳኝ መቀመጫ፣ መስቀል አያስፈልግም። ውኃ ውስጥ የሚሰምጠው ሲበዛ ያን ጊዜ መሰናዳት ነው።

ሸንተረሩ ላይ ቼስትነት ኦክ የሚባለው አለ፤ ፍሬው ትልቅ ነው፣ ቀደም ብሎም ይወድቃል። ስሙን ያገኘው ቅጠሉ ቼስትነትን ስለሚመስል ነው። እውነተኛው የአሜሪካ ቼስትነት በዚህ ተራራ ላይ በየዓመቱ ሳያጓድል ያፈራ የነበረ ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ኒውዮርክ ብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የታየው የፈንገስ በሽታ ጠረገው፤ የጠፋው ዛፍ በቢሊዮን ይቆጠራል። አሁን ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ ቀጭን ቡቃያ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም ሳያድግ ይደርቃል። ዛሬ አጋዘኑም፣ ድቡም፣ ተርኪ የሚባለው ትልቅ የዱር ወፍም በዓመል በሚያፈራው በኦክ ላይ የተንጠለጠሉት ቼስትነቱ ስለሌለ ነው።

መስከረም ማብቂያ

ቨርጂኒያ ውስጥ የቀስት ወቅት የሚከፈተው በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ ከነጭ ኦኩ ጋር የተቀጣጠሩ ይመስላል። መዝጊያውንና የሚፈቀደውን ቁጥር እንደ አውራጃው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ስለሚያወጣ አንብቦ መውጣት ግድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የአዳኝነት ትምህርት መውሰድ አለበት፤ በብሔራዊ ደኑ ለማደን ደግሞ ከተራው ፈቃድ ሌላ የደን ፈቃድ ያስፈልጋል። መተኮስ የሚቻለው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ ከገባች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ነው።

ቀይ የከበብኩት ዛፍ ሥር ደረስኩ፤ በዙሪያው ያለው ቅጠል ተገለባብጧል። ማን እንደበላ ማንበብ ይገባል፤ የኦክ ፍሬ የማይበላ እንስሳ እዚህ የለምና። ሽኮኮ ጉቶ ወይም ድንጋይ ላይ ወጥታ ትሸረክታለች፣ ልጣጩን እዚያው ክምር አድርጋ ትተዋለች። ተርኪ ፍሬውን እንዳለ ይውጣል፤ የሚቀረው በእግሩ የጫረው ባዶ መሬት ነው። ድብ ከወጣ ቅርንጫፍ ይሰብራል። አጋዘን ግን ፍሬውን በመንጋጋ ጥርሱ ያደቅቀውና ከአፉ ዳር የልጣጩ ስባሪ ይራገፋል፤ ቆቡም ይቀራል። እዚህ ያገኘሁት እሱን ነው። በጠጡም አጠገቡ ነበር፤ ገና ያብረቀርቃል፣ በእንጨት ስነካው ይለሰልሳል። ከዚህ በላይ ማረጋገጫ አልፈልግም። የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው በጠጥ፣ ባለፈው ዓመት ከተተኮሰ ትልቅ ቀንድ ወሬ ይበልጥብኛል።

ማማዬን የሰቀልኩት ከዛፉ ሃያ ሜትር ያህል ርቄ ነው፤ በማሰሪያ የሚጠብቅ፣ ሚስማር የማይነካው፣ ስመለስ ፈትቼ የምወስደው ዓይነት። የደኅንነት ቀበቶ ከመሬት ከተነሳሁ እስክወርድ ከላዬ አይለይም። ዋናው ስሌት ነፋሱ ነው። ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ ታች ይፈስሳል። ስለዚህ ማታ ከዛፉ በታች መሆን አለብኝ፣ ጠረኔ ወደ ሸለቆው እንዲወርድ፤ የመጣሁበትም መንገድ ከታች ነው። ጠዋት ግን ይህ መቀመጫ ዋጋ የለውም፤ ጠረኔን ሽቅብ ወደ ዛፉ ይልከዋል።

በእነዚህ ሳምንታት እርሻ ዳር የሚቀመጡ አዳኞች አጋዘኑ ጠፋ ይላሉ። በነሐሴ በየማታው አኩሪ አተር ላይ ይታይ የነበረው መንጋ አሁን የለም፤ አንዱ ስሪያ አልደረሰም ይላል፣ ሌላው ጨረቃን ይወቅሳል። እኔ እንደሚመስለኝ የትም አልሄደም፤ ጫካ ውስጥ ከተኛበት ጥቂት እርምጃ ላይ ገበታ ተዘርግቶለታል። ወደ ገላጣው ለምን ይውጣ? የኦክ ፍሬ በሞላበት ዓመት አጋዘኑ በቀን ብርሃን ይበላል፣ ግን ከመንገድ የሚያየው የለም።

ጥቅምት አጋማሽ

ጠፍ መሬቱ ላይ ያለው፣ ፐርሲመን የሚባለው ዛፍ ፍሬ መውደቅ ጀመረ። ዛፉን በክረምት የለየሁት በቅርፊቱ ነው፤ ጥቁር ሆኖ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተሰነጣጠቀ፣ የአዞ ቆዳ የሚመስል ነው። ፐርሲመን ወንዱና ሴቴው ለየብቻ ነው፤ የሚያፈራው ሴቴው ብቻ ስለሆነ በክረምት ከቆጠርኳቸው ዛፎች አብዛኞቹ ለአጋዘን ምንም አይሰጡም። ፍሬው ሳይበስል የቀመሰው ሰው አፉ ተሰብስቦ ይቀራል፤ ሲለሰልስና ቆዳው ሲጨማደድ ግን ማር ነው። ጋሼ አንዱን አንስተው ጠርገው በሉና፣

«አጋዘኑ ከእኛ ቀድሞ እያወቀ ነው እንዴ የምንለፋው?» አሉ።

ጠባዩ ከኦክ ይለያል። ኦክ በሳምንታት ውስጥ ብዛቱን ያወርዳል፤ ፐርሲመን ጥቂት ጥቂቱን እየጣለ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። ስለዚህ አጋዘኑ እዚህ ቆሞ አይውልም፤ አልፎ ሲሄድ ጎራ ይላል፣ የወደቀውን ለቅሞ መንገዱን ይቀጥላል። ለቀስት እንዲህ ያለው ቦታ ከኦኩ ሥር ይቀላል፤ እንስሳው የሚቆምበት ነጥብ አስቀድሞ ይታወቃልና። መንገዱ ከጅረቱ ወደ ኦኩ መደብ የሚያወጣው ዱካ ስለሆነ ደግሞ ሁለቱን ያያይዛቸዋል።

አንዲት ሴቴ አጋዘን የጣልኩት ከነጭ ኦኩ ሥር ነው፤ ማታ፣ ብርሃኑ ሳይጠፋ። ሁለት ሆነው ከታች መጡ፤ ፊተኛዋ አንገቷን ሰብራ ቅጠሉን በአፍንጫዋ እየገለጠች ትፈልግ ነበር። ስታደቅ ድምፁ ማማው ላይ ይሰማኛል። ጎኗን እስክትሰጠኝ ጠብቄ ለቀቅሁ፤ ብዙ ሳትሄድ ወደቀች። የተገደለን እንስሳ በዕለቱ በስልክ ወይም በመተግበሪያ ማስመዝገብ ሕግ ስለሆነ ሬሳውን ከማንቀሳቀሴ በፊት ቁጥሩን ተቀብዬ ጻፍኩ።

ጨጓራውን መክፈት የሥራው አካል ነው፤ ማስታወሻ ለሚይዝ ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። በመብራት ስፈትሸው ከግማሽ በላይ የሚሆነው የተፈጨ የኦክ ፍሬ ነበር፤ ቢጫ ሆኖ ሽታው ጥሬ እህል እንደመቦካት ያለ ነው። በመካከሉ የግሪንብራየር ቅጠል፣ የአንዳንድ ደረቅ ቅጠል ቁራጭ፣ ጥቂት የፐርሲመን ዘር ነበረበት። የፐርሲመኑ ዘር ጠፍጣፋና ቡናማ ስለሆነ ከሁሉ ቶሎ ይለያል። ይህች ሴቴ ከታችኛው ጠፍ መሬት ተነሥታ፣ ፐርሲመኑን ነካ አድርጋ፣ ወደ ኦኩ እንደወጣች ዱካው የነገረኝን ጨጓራዋ ደገመልኝ። በካርታው ላይ ሁለቱን ነጥቦች በመስመር አገናኘሁ።

በዚህ አጋጣሚ በቆሎ ስለመበተን ልጻፍ፤ ተደጋግሞ የምጠየቀው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በማታለያ መኖ ላይ ማደን ክልክል ነው። ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ እስከ ጃኑዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ ደግሞ አጋዘንን ጨርሶ መመገብ አይፈቀድም። ሕጉን ትተን እንኳ፣ አጋዘን የሚፈጨው ጨጓራው ውስጥ ባሉ ተሕዋስያን ነው። ተሕዋስያኑ ከአንድ መኖ ወደ ሌላ ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋሉ። በክረምት ቀንበጥ ሲበላ የከረመ አጋዘን ድንገት በቆሎ ቢሞላ ጨጓራው በአሲድ ተመርዞ ሊሞት ይችላል። በአንድ ክምር ላይ አፍ ለአፍ መግጠማቸውም ሲ ደብሊው ዲ የተባለውን፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ የታወቀውን፣ መድኃኒት የሌለውን የአንጎል በሽታ ያዛምታል። ዛፍ የጣለው ፍሬ ግን በጫካው ተበትኖ ይገኛል፤ ሥሩ መቀመጥም ማንንም አያስጠይቅም።

ኅዳር

መጀመሪያ በአፈሙዝ የሚጎረሰው ጠመንጃ፣ በኖቬምበር አጋማሽ ደግሞ ተራው ጠመንጃ ተከፈተ። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ ግዴታ ነው። ጫካው በሰው ተሞልቷል።

ነጩ ኦክ አልቋል። የቀረው አጎንቁሎ ሥሩን መሬት ውስጥ ሰዷል፤ ልጣጩ ባዶውን ተበትኗል። ቀይ የከበብኩት ዛፍ ከእንግዲህ እስከሚቀጥለው ዓመት ሥራ የለውም፣ ማማውን አነሣሁ። ይህን ማድረግ የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ፤ ባለፈው ወር እንስሳ ያዩበት ቦታ ላይ ባዶ ጫካ እያዩ ሳምንታት ይቀመጣሉ። እኔ ወደ ቀይ ኦኩ ተሻገርኩ። ሰሜን ምሥራቅ በሚያየው የተዳፋቱ ጎን፣ እርጥበት ባለበት፣ ፍሬው እየተረገፈ ነው፤ ቅጠሉም እንደገና ተገለባብጧል።

ስሪያውም በዚሁ ሰሞን ጣራ ደርሷል። ወንዱ ለመብላት ጊዜ የለውም፤ በወሩ ውስጥ ክብደቱን እየጣለ ሴቴ ሲከተል ይውላል። በዚህ ወቅት መኖ ዋጋ የለውም የሚለውን አባባል የማልቀበለው ሴቴዎቹ መብላታቸውን ስላላቆሙ ነው። ሴቴ ባለችበት ወንዱ ይመጣል። በቀይ ኦኩና በሐኒሰክሉ መካከል ያለውን አንገት መሰል ማቋረጫ የመረጥኩትም ለዚህ ነው። እዚያ ያየሁት ቀንዱ ባለ ስምንት ጫፍ የሆነ ወንድ ከሴቴዋ ኋላ አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ መጣ። ለመተኮስ ግን ቅርንጫፉ መንገድ አልሰጠኝም፤ ተከትሏት ሄደ።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለገባ የጥቅምቱ ሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ገናን ይጠብቃል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ጠመንጃው የሚከፈተው ለሥጋ በማይሆን ሰሞን መሆኑ ሳያስቃቸው አልቀረም።

ታኅሣሥ ማብቂያ

ቅዝቃዜው በርትቷል። አጋዘን በክረምት ሰውነቱን ዝግ ያደርጋል፤ የሚበላውም ከመከሩ ያነሰ ነው፣ ያከማቸውን ስብ እየቆነጠረ ይኖራል። እንቅስቃሴውም ይቀንሳል፤ ሞቅ ባለ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደሚያገኘው ደቡባዊው ጎን ወጥቶ ይተኛል፣ አጠገቡ ያለውን ይበላል።

የቀይ ኦኩ ፍሬ በቅጠል ሥር አሁንም አለ፤ በረዶው ላይ ተጭሮ የወጣበትን ጥቁር ክብ ማየት ይቻላል። ኦኩ ላልያዘበት ዓመት መጠባበቂያው ሌላ ነው፦ ሱማክ የሚባለው ቁጥቋጦ ጫፉ ላይ የቆመው ቀይ የፍሬ ዘለላ፣ የቀይ ሜፕል እንቡጥ፣ የማይጠፋው ሐኒሰክል። ጠፍ መሬቱ ዳር ሐኒ ሎከስት የሚባል እሾሃም ዛፍ አለ፤ ረጅም ጠምዛዛ እሸቱ ውስጡ ጣፋጭ ስለሆነ ከወደቀ ብዙ አይሰነብትም። ዘንድሮ ያፈራው ጥቂት ነው፤ ለብቻው ቦታ መያዝ የሚገባው አይደለም።

የኋለኛው የቀስት ወቅት እስከ ጃኑዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ ይዘልቃል። እኔ የምቀመጠው በደቡባዊው ጎን ካለው ሐኒሰክል በላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ደርሼ እስኪመሽ። ጠዋት አልወጣም፤ ጨለማ ውስጥ በረዶ እየረገጥኩ ብገባ ከተኙበት ማስነሣት ነው የሚሆነው፣ በዚህ ብርድ ደግሞ እንዲሮጡ ማድረግ ስብ ማስጨረስ ነው።

ጥር መጀመሪያ

አደኑ ተዘጋ። ካርታውን አነጠፍኩና ቀለም ለወጥኩ፦ ለነጭ ኦክ ቢጫ፣ ለቀይ ኦክ ቡናማ፣ ለፐርሲመን ብርቱካናማ፣ ለክረምት ቅጠል አረንጓዴ። በእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ትኩስ ምልክት ያየሁበትን ሳምንት ጻፍኩ። ብዙ ነጥቦች ባዶ ናቸው፤ በነሐሴ ተስፋ የጣልኩባቸው አንዳንድ ዛፎች ፍሬያቸውን ነቀዝ ጨርሶታል።

ለመጪው ዓመት ከወዲሁ የተያዘው አንድ ነገር ቀይ ኦኩ ነው። በነሐሴ የበርበሬ ፍሬ የማታክል ያልኳት እንክብል በሰሜን ምሥራቁ ጎን በሚገኙት ዛፎች ላይ ጥቂት ነበረች፤ ያ ውርጭ እዚያም ደርሷል። ሸንተረሩ ላይ ያሉት ግን ይዘዋል። ሚያዝያ ላይ የነጩን አበባ እስካይ ድረስ፣ በሚቀጥለው ኅዳር ማማው የሚሰቀለው ዘንድሮ ከነበረበት መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው።